ወንዝ ዳር ላልመጣችሁ ሦስት ሺህ አድማጮች

ዳንግላ፣ ሰኔ 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ደጉ አስቻለው፣ የዳንግላና አካባቢዋ የሂፕ ሆፕ አፍቃሪያን የፌስቡክ ግሩፕ መሥራችና አስተባባሪ፤
በእርስዎም በኩል ለሦስት ሺህ አራት መቶ ክቡራን አባላት፤
ባላችሁበት።

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርማችኋል? ጆሯችሁ ደኅና ነው? የስልካችሁ ባትሪ፣ ማዳመጫችሁ፣ በየዘፈኑ የምትወዘውዙት አንገታችሁ ሁሉ በያለበት ሰላም መሆኑን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በጋሪ መቆሚያው ፊት ለፊት ባለችው ሱቄ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ስሜ ዘውድነሽ ኪዳኑ ነው። ሥራዬ ሜሞሪ መሙላት፣ ፎቶ ኮፒ ማንሣትና በኮምፒዩተር ደብዳቤ መጻፍ ነው። አብዛኞቻችሁ መልኬን ባታስታውሱት እንኳ እጄን ታውቁታላችሁ፤ ከሚያዝያ ወዲህ የምትሰሙትን ዘፈን ስልካችሁ ውስጥ ያስገባው እሱ ነውና።

ባለፈው ሰኞ አቶ ደጉ ሱቄ ድረስ ጎራ ብለው በግሩፑ ስም አንድ ደብዳቤ አስጽፈውኛል። ርእሱ «ለአርቲስት ሰውነት ስሜነህ የተሰጠ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» ይላል። አርቲስቱ ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ አዲስ ሥራ አለማውጣቱን፣ ለአድናቂዎቹ ኮሜንት መልስ አለመስጠቱን፣ በዚህም የአድማጩን ፍቅር መካዱን ይዘረዝርና፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አዲስ ዘፈን ካላቀረበ ግሩፑ «ሲሰጠው የቆየውን ድጋፍ ሙሉ በሙሉ እንደሚያነሣ» ያስታውቃል። የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ቃል በቃል አውቀዋለሁ። ሁለት ቦታ የፊደል ግድፈት ነበረበት፤ አርሜዋለሁ። «ድጋፍ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመና የትኛው ድጋፍ እንደሆነ አቶ ደጉን በትሕትና ጠየቅኋቸው። «ድጋፍ ነዋ፤ የምንሰማው እኛ አይደለንም እንዴ?» አሉኝ። እኔም ጽፌ፣ አትሜ፣ ማኅተማችሁ እንዳይደበዝዝ ወረቀቱን አስተካክዬ ሰጠኋቸው። ይህ ደብዳቤ ለዚያች መልስ የተጻፈ መልስ ነው።

ማስጠንቀቂያ የደረሰው ሰው ማን እንደሆነ ለዘነጋችሁ በአጭሩ ላስታውስ። ሰውነት የሃያ ስድስት ዓመት ባለጋሪ ነው። ከገበያው እስከ መናኸሪያው ሰውና ዕቃ ያመላልሳል። ዳማ ፈረሱ ከታች ኮቴውን ሲያሳርፍ እሱ ከላይ ግጥም ያሳርፍበታል፤ መጀመሪያ ላይ ተሳፋሪው ከፈረሱ ጋር የሚያወራ ይመስለው ነበር። ስለ መኪናና ስለ ወርቅ ሐብል ራፕ አድርጎ አያውቅም። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ መኪናም ሐብልም ስለሌለው ሳይሆን፣ ጋሪው ላይ የሚሰማው ወሬ ሁሉ ስለ ሌላ ነገር ስለሆነ ነው ብሎኛል።

ከገበያው በታች ያለውን ወንዝ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በበጋ ዶሮ ትሻገረዋለች፤ ክረምት ሲገባ ግን ሌላ ነው። መሻገሪያው ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ ነበር። በየዓመቱ ጎርፉ አንዱን ይወስድና ሰው በቀሩት ሁለቱ እየተንገዳገደ ይሻገራል። አምና ነሐሴ ላይ ወይዘሮ እቴናት፣ ከማዶ ድንች አምጥተው የሚሸጡት እናት፣ ከነጆንያቸው ተንሸራተው ገቡ። ጆንያው በዚያው ሄደ። እሳቸውን ግን እዚያው አጠገብ ፈረሱን ያጥብ የነበረው ሰውነት ገመድ ወርውሮ ጎትቶ አወጣቸው። ልብሳቸው እንደራሰ በጋሪው ወደ ሐኪም ሲወስዳቸው፣ «ልጄ፣ ይኼን ወንዝ ስንት ሰው የሚያውቀው ይመስልሃል? ሁሉም ያውቀዋል» አሉት። ዘፈኑ የተነሣው ከዚህች ቃል ነው። እናንተ በቃላችሁ የያዛችሁት መዝጊያው፣

«ወንዙ ቃል አይሰማም፣ ቋንቋው ድንጋይ ነው፤
ሰምተኸኝ ካለፍክማ፣ የጮኽኩት ለማን ነው?»

የሚለው ሰውነት ለማሳመር ያስገባው አልነበረም። እውነቱን ጠይቋችሁ ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ። ቅሬታ ማለቴ ይቅር ይባልልኝና፣ ወደ ምስጋናዬ።

አንደኛ፣ ዘፈኑን ስለወደዳችሁት እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ግንቦት አጋማሽ በእኔ ሱቅ ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ ሜሞሪ ውስጥ ገብቷል፤ በብሉቱዝ እርስ በርሳችሁ የተቀባበላችሁትን ፈጣሪ ይቁጠረው። የባጃጅ ሹፌሮች ከማለዳ ጀምሮ ይከፍቱታል። የእንጅባራ ሚኒባስ ረዳቶች በር ላይ ተንጠልጥለው «ሰምተኸኝ ካለፍክማ» እያሉ ተሳፋሪ ይጠሩበታል። አዲስ ቅዳም ከተማ ያሉ ከሰል ጫኞች ጆንያ ሲያነሡ እንደሚያዜሙት ከዚያ የመጣ ደንበኛዬ ነግሮኛል። ወንዙን የሚሻገሩት ተማሪዎች እንኳ ሳይቀሩ፣ ደብተራቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ግንዱ ላይ እየተንገዳገዱ፣ በአፍንጫቸው ያንጎራጉሩታል። አንድ ዘፈን ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ሰውነት አንድ ነገር ብቻ ይፈልግ ነበር፤ እሱም ግንዱ እንዲቀየር።

ሁለተኛ፣ እንጅባራ ላይ ስላነሣችሁት እጅ። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የወጣቶች ዝግጅት በነበረበት አዳራሽ ሰባት መቶ የምትሆኑ ተሰብስባችሁ ነበር። እኔም ሱቄን ዘግቼ መጥቻለሁ። ሰውነት ዘፈኑን አጋምሶ የሙዚቃውን ቢት አስቆመ። እንደሌሎቹ ዘፋኞች እጃችሁን አውጡ ብሎ አላዘዛችሁም። የወንዙን ስፋት በእርምጃ ቆጥሮት እንደነበረ ነገራችሁ፤ በግራና በቀኝ የድንጋይ ካብ ከተካበና አራት ወፍራም ግንድ ከተጋደመ ልጅም ሽማግሌም በሰላም እንደሚሻገር ነገራችሁ፤ ከዚያ ማን አንድ ድንጋይ ይዞ እንደሚመጣ ጠየቃችሁ። አዳራሹ በሙሉ እጁን አነሣ። አንዳንዶቻችሁ ሁለቱንም አነሣችሁ። ሰውነት መድረኩ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናንተ ለማሳመር መሰላችሁና አጨበጨባችሁ። እኔ በጎን በኩል ስለነበርኩ አይቼዋለሁ፤ እንባውን እየጠረገ ነበር። አምኗችሁ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ፊርማው። እዚህ ላይ ለረጅም ዓረፍተ ነገሬ ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ፤ ከሦስት ደቂቃ በላይ የሆነ ነገር እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ። ሰውነት ከእንጅባራ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን የመንገድ ጉዳይ ወደሚመለከተው አንድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ አቶ አድማሴ የሚባሉ ኃላፊ አነጋገረ። አብሬው ነበርኩ፤ ማመልከቻውን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። እንደምትገምቱት አልሆነም። ሰውየው አልጮኹም፣ አላመናጨቁም፣ ነገ ና አላሉም። ከነዋሪው ሃምሳ ሰው ስሙን ጽፎ ከፈረመ ጥያቄውን የሕዝብ ጥያቄ ብለው ለአለቆቻቸው እንደሚያቀርቡ፣ ሲሚንቶና ባለሙያም ክረምቱ ሳይገባ እንደሚያስፈቅዱ ቃል ሰጡ። ሃምሳ ሰው። ሰውነት ሲወጣ ይስቅ ነበር፤ ሃምሳ ሰው በአንድ ማለዳ ጋሪው ላይ እንደሚሳፈር እየነገረኝ።

የፊርማው ወረቀት በሱቄ ባንኮኒ ላይ ሁለት ሳምንት ተቀመጠ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ዘፈኑን ለማስሞላት ከአራት መቶ በላይ ሰው ገብቶ ወጥቷል። የፈረሙት አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ከአሥራ ዘጠኙ ውስጥ አንዱ «ንጉሡ»፣ ሌላው «የሰፈሩ አንበሳ»፣ ሦስተኛው ደግሞ «ማይክ ገዳይ» ብለው ስለፈረሙ፣ ለድፍረታቸው ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ አላልፍም። አንዲት ልጅ እስክሪብቶውን ካነሣች በኋላ ስሟ የት የት እንደሚደርስ ጠየቀችኝ። ለድልድይ ነው ብላት፣ እሱማ ገብቶኛል፣ ግን ለማንኛውም ብላ እስክሪብቶውን በቀስታ መልሳ አስቀመጠች። ዘፈኑን ግን አስሞልታ ሄደች።

ሰውነት ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ። አቶ አድማሴ ስሞቹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «የሰፈሩ አንበሳ» ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። ለስላሳ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ልጄ፣ ዘፈንህን ልጆቼም ቤት ውስጥ ይዘፍኑታል። እኔም ወድጄዋለሁ። ሰዎቹ ግን የት አሉ?» አሉት። ሰውነት ወረቀቱን ተቀብሎ አጣጠፈው። እስከዚያች ቀን ድረስ ጥፋቱን ሁሉ ለጽሕፈት ቤት መስጠት ለምጄ ነበር፤ ያን ዕለት ጥፋቱን የምሰጠው አጣሁ።

አራተኛ፣ ስለ ቀኑ። ሲሚንቶው ቢቀር ድንጋይና ግንድ አለን ብሎ ሰውነት ሥራውን በጉልበት ለመጀመር ወሰነ፤ አቶ ደጉም በግሩፑ ውስጥ ቀኑን በድምፅ አስመረጡ። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ድምፅ ሰጠ። ግንቦት 11 አሸነፈ። ከዚያ አንድ አባል የቅዱስ ያሬድ በዓል መሆኑን አስታወሰና በበዓል ቀን ድንጋይ ማንሣት እንደማይገባ ረጅም ክርክር ተነሣ። ዜማ የምትወዱ ሰዎች ዜማን ለደረሰው ቅዱስ ይህን ያህል በመቆርቆራችሁ ልቤ ተነክቷል። ሰውነት ሳይከራከር ወደ ግንቦት 18 አዛወረው። ሐሙስ ነበር፣ በዓል አልነበረም፣ ጾምም አልነበረም። አምስት መቶ አርባ ሰው «እመጣለሁ» የሚለውን ነካ።

አምስተኛ፣ ስለ ግንቦት 18።

ሰውነት ማልዶ አራቱን ግንዶች አንድ በአንድ ከጋሪው ኋላ አስሮ እያስጎተተ አምጥቶ ወንዝ ዳር አጋድሟቸው ነበር። እኔ ሱቄ በር ላይ «ድልድይ ሥራ ላይ ነን» ብዬ ለጥፌ ወረድኩ። ወይዘሮ እቴናት መጡ። እሳቸው ዘፈኑ ፈጣን ስለሆነባቸው ምን እንደሚል አይለዩትም፤ «ልጁ የጮኸው ስለ እኔ መንገድ መሆኑን ነገሩኝ፣ ይበቃኛል» አሉ። ናርዶስ መጣች። ናርዶስ ልብስ ሰፊ ናት፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ዘማሪት ስትሆን ዓለማዊ ዘፈን አትሰማም፤ ሱቄ በር ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት አንብባ ነው የተከተለችኝ። ከማዶ ደግሞ ሁለት ወንድማማች ገበሬዎች ዶማ ይዘው ተሻገሩ። ቋንቋቸው የአገዎቹ አውኝ ነው፤ አማርኛቸው ለገበያ ያህል ስለሆነ ዘፈኑን ቢሰሙትም ብዙ አይገባቸውም። ታላቅየው ውብአየሁ ይባላል። በዚህ ዓይነት ስድስት ሆንን። ከስድስታችን ዘፈኑን የምናውቀው ዘፋኙና እኔ ብቻ ነበርን።

አቶ ደጉም መጥተዋል፤ አልክድም። ከድንጋዩ ክምር ላይ አንድ እግራቸውን አሳርፈው ፎቶ አስነሡኝ፤ ሁለተኛው ፎቶ የተሻለ ነው አሉኝና ቸኩለው ሄዱ። ፎቶው «ለውጥ በተግባር» በሚል ርእስ ወጥቶ ከዘጠኝ መቶ በላይ ላይክ ማግኘቱን በኋላ አይቻለሁ። በጣም ያምራል። ከኋላቸው ጎንበስ ብላ ድንጋይ የምታነሣው ሴት ናርዶስ ናት።

እስከ ስድስት ሰዓት ሁለቱን ካቦች ጨረስን። ግንዱ ግን በስድስት ሰው የሚነሣ አልነበረም። ውብአየሁ በጣቱ አሥር፣ ከዚያ ሁለት አሳየን፤ አሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል ማለቱ ነው። ሰውነት ትንሽ እንጠብቅ አለ። ሥራ ላይ ያሉ ይኖራሉ፣ ከምሳ በኋላ ይመጣሉ አለ። ተቀምጠን ጠበቅን። በየመሐሉ ሰውነት ይነሣና ዳገቱን ወጥቶ የከተማውን መንገድ አይቶ ይመለሳል። መጀመሪያ ሲመለስ አሁን ይመጣሉ አለን። ሁለተኛ ሲመለስ ግንዶቹን ዞሮ አያቸው። ሦስተኛ ሲመለስ ልብሱን አጠበቀ። ከላይ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ዝናቡ እዚያ ከጣለ ጎርፉ ግንዱንም ካቡንም ይዞ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። በስድስታችን እንሞክር ተባባልን።

ሁለቱን ግንዶች እንዴት እንዳሻገርናቸው እስካሁን አላውቅም። ሦስተኛውን ስናነሣ ካቡ ረጥቦ ስለነበር ናርዶስ አዳለጣትና ወደቀች፤ ግንዱም ወደሷ ተንከባለለ። ሰውነት በትከሻው ገፍቶ አወጣት። እሱ ግን መውጣት አልቻለም። ግንዱ ከጉልበቱ በታች አረፈበት።

ይህንን ስድስተኛ ብዬ ቁጥር ልሰጠው ፈልጌ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ድጋፋችሁን ለማንሣት ሦስት ሺህ አራት መቶ ሰው ተስማምታችኋል፤ ያን ግንድ ለማንሣት ስድስት ነበርን።

በገዛ ጋሪው ጭነነው ወደ ሆስፒታል ሄድን። ፈረሱን የያዘው ውብአየሁ ነው፤ የሰውነትን ራስ ያቀፈችው ናርዶስ ናት። ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ አንድ ባጃጅ ዘፈኑን ከፍ አድርጎ እየከፈተ በጎናችን አለፈ። ሰውነት ዓይኑን ጨፍኖ ጥርሱን ነክሶ ነበር፤ የሰማ አልመሰለኝም። ናርዶስ ግን ቀና አለችና፣ «ይኼ ነው ዘፈኑ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ባጃጁ እስኪርቅ ድረስ አዳመጠችው። ከሦስት ሺህ አራት መቶ አንድ አድማጮች መካከል ዘፈኑን የሰማችው እሷ ናት ብል ይቅርታ ታደርጉልኛላችሁ።

አሥራ አንድ ቀን ተኛ። ግሩፑ ውስጥ የተሰበረ ልብ ምልክት ከሰባት መቶ በላይ መቆጠሩን ነግሬዋለሁ፤ አመስግኗል። ከአባላቱ ሆስፒታል ድረስ የመጡት ሁለት ናቸው። አንደኛው ብርቱካን ይዞ መጥቶ ግማሽ ቀን አጫውቶታል፤ ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ አልጽፈውም፤ ራሱን ያውቃል፣ ለእሱ ይህ ደብዳቤ አይመለከተውም። ሁለተኛው ከአልጋው ጋር ፎቶ ተነሥቶ ሄዷል።

ደግሞም ከወቀሳው ራሴን ሳወጣ እንዳትታዘቡኝ እውነቱን ልናገር። ያ የፊርማ ወረቀት ባንኮኒዬ ላይ ተቀመጠ አልኩ እንጂ የት ላይ እንደተቀመጠ አልተናገርኩም። የመጀመሪያውን ሳምንት በሙሉ ከመስታወቱ ሥር፣ ከስልክ ሽፋኖቹ መካከል ነበር። ደንበኛ ዘፈን ሊያስሞላ መጥቶ ፈርም ስለው ፊቱ ሲጠቁር ማየት አልወደድኩም። ሌላ ሱቅ ይሄድብኛል ብዬም ፈርቻለሁ። ስለዚህ የጠየቀኝ ካለ አሳያለሁ ብዬ ዝም አልኩ፤ ማንም ሳያየው መቼ ይጠይቀኛል? ሰውነት በየማታው ጋሪውን ከማቆሙ በፊት ብቅ ብሎ ስንት ሆነ ሲለኝ፣ እየገባ ነው እለው ነበር። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ከላይ አወጣሁት፤ ያኔ ብዙ ሰው አልፏል። ይህን ለሰውነት ሆስፒታል ውስጥ ነገርኩት። አውቃለሁ፣ መስታወቱን አይቼዋለሁ ብሎ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ። እንግዲህ ክቡራን አድማጮች፣ የምጽፍላችሁ ከዳገት ላይ ሆኜ አይደለም፤ ከመካከላችሁ ሆኜ ነው።

የድልድዩ ነገር እንዴት እንደሆነ ሳትጠይቁኝ ልንገራችሁ፤ ቆሞ ስላገኛችሁት በራሱ የበቀለ ሊመስላችሁ ይችላል። ውብአየሁና ወንድሙ ያን ዕለት ወደ ማዶ ተመልሰው በሰንበቴ ለተሰበሰበው ጎረቤታቸው የሆነውን ተናገሩ። በሳምንቱ ሃያ ሦስት ሰው በደቦ ወረደ። ጎርፉ ካቡን አንድ ጎኑን ንዶት ነበር፤ እንደገና ካቡት፤ አራቱንም ግንድ አጋደሙ፤ ከላይ ማገር መትተው አፈርና ጠጠር አለበሱት። ሦስት ሰዓት ላይ ጀምረው ከምሳ በፊት ጨረሱ። እየሠሩ ሲጫወቱ በአውኝ ስለነበር እኔ ከቀልዱ ግማሹ አምልጦኛል። በመጨረሻ ውብአየሁን በዚያች በገበያ አማርኛችን ለምን ይህን ያህል ሰው እንደመጣ ጠየቅኩት። ጥያቄው ራሱ ገረመው። «መንገዱ የኛ ነው። ልጁ ደግሞ እግሩን ሰጥቶናል» አለኝ።

አሁን በዚያ ድልድይ ላይ ስንቶቻችሁ ፎቶ እንደተነሣችሁ ገጻችሁ ላይ አያለሁ። ወይዘሮ እቴናትም ድንቻቸውን ይዘው በእሱ ላይ ይመላለሳሉ፤ ፎቶ ስትነሡ መንገድ እንድትለቁላቸው በእሳቸው ስም እለምናለሁ።

ማስጠንቀቂያችሁን በአደራ ተቀብዬ ባለፈው ረቡዕ ለሰውነት አድርሻለሁ። ቤቱ በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እግሩ በጀሶ እንደታሰረ ነው። ሐኪሙ ይራመዳል ብሏል፣ ጥቂት ማነከሱ ግን የማይቀር ነው፤ ጋሪ ላይ መውጣት ከመስከረም በፊት አይታሰብም። ፈረሱ ማዶ እነ ወይዘሮ እቴናት ዘንድ እየጋጠ ነው። ደብዳቤውን ሳነብለት «የአድማጩን ፍቅር መካዱ» የሚለው ጋ ስደርስ ሳቀ። ከዚያ አንድ ነገር ላንብብልሽ ብሎ ከበርጩማው ሥር ደብተር አወጣ።

አዎን ክቡራን፣ አዲስ ዘፈን አለ። እግሩ ታስሮ ተኝቶ የጻፈው ነው። ስለ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ከዚህ በፊት ከሰማሁት ሁሉ እንደሚበልጥ ግን እመሰክራለሁ። ሲጨርስ እዚያው በስልኬ ልቅዳው አልኩት። ደብተሩን ዘጋው። ለምን አልኩት፤ ሰዉ እየጠበቀህ ነው፣ በአንድ ቀን ከተማውን ያዳርሳል አልኩት። እንዲህ አለኝ፦ «ካወጣሁት እንደገና ያጨበጭባሉ፣ ዘውዴ። ሲያጨበጭቡ ደግሞ የሚመጡ ይመስለኛል።»

በቁጣ ቢናገረው ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። በቁጣ አልተናገረውም። የአየር ጠባይ እንደሚነግረኝ ዓይነት ነው የተናገረው።

ስለዚህ የአሥራ አምስት ቀኑን ቀጠሮ በተመለከተ ከአርቲስቱ መልስ እንዳትጠብቁ በታላቅ አክብሮት አሳውቃለሁ። ዘፈን ሊሰጣችሁ የማይፈልገው ጠልቷችሁ አይደለም፤ አሁንም ስለሚያምናችሁና ማመኑን መተው ስለሚፈልግ ነው። እኔ በበኩሌ ከዛሬ ጀምሮ የድልድዩን ዘፈን ለማስሞላት የሚመጣ ደንበኛ ካለ ድልድዩን በእግሩ ተሻግሮ ደርሶ እንዲመለስ እጠይቀዋለሁ። ካብ ላይ አንድ ድንጋይ ጨምሮ ቢመለስ የበለጠ ደስ ይለኛል፤ ክረምቱ ገና ሰኔ ላይ ነውና። ሌላ ሱቅ ለመሄድ ለምትመርጡ በሩ በግራ በኩል መሆኑን እጠቁማለሁ።

ማዳመጫችሁ አይበጠስ፤ ኔትወርካችሁ አይጥፋ፤ አውራ ጣታችሁ ላይክ ከማድረግ አይድከም። ሌላ ሰው ያነጠፈው መንገድ ከእግራችሁ ሥር አይጉደል። ለተሰጠን ዝምታ፣ ለተነሣልን እጅና ላልመጣው ሰው ሁሉ በድጋሚ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

የዘወትር አክባሪያችሁ፣ ሜሞሪ ሞይዋ፣
ዘውድነሽ ኪዳኑ
ዳንግላ፣ ከጋሪ መቆሚያው ፊት ለፊት

ግልባጭ፦
ለአቶ አድማሴ፣ ለጠየቁት ጥያቄ እስካሁን መልስ ስላላገኘሁ ከይቅርታ ጋር።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ዛሬ ጧት ሱቄ በር ላይ ለጥፌው ነበር። ከሥሩ በርጩማ አድርጌ፣ የፊታችን እሑድ ሰውነትን ሊጠይቅ አብሮኝ የሚሄድ ስሙን እንዲጽፍበት አንድ ንጹሕ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ አኑሬያለሁ። እስከ ቀትር አርባ ያህል ሰው ቆሞ አነበበው፤ አብዛኛው ፎቶ አነሣው፤ ሁለቱ «በለው» ሲሉ ሰምቻለሁ። አሁን ወጥቼ አየሁ። ወረቀቱ እንደ ነጣ ነው። እስክሪብቶውን ግን አንድ አድማጭ ወስዶታል።